ስሟን ጠይቃችሁ ኑ

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ደርግ ወድቆ፣ እኔም ከጦሩ ተበትኜ ዲላ ከገባሁ በኋላ ነው። ባጃጅ የሚባል ነገር ከተማው ውስጥ ከመታየቱ በፊት መሆኑንም አውቃለሁ፤ ያኔ ሁላችንም በእግራችን ነበር የምንሄደው፣ የእኔም እንጀራ የሰው እግር ነበር። ዓመተ ምሕረቱን ሊነግረኝ የሚችል አንድ ሰው ነበር። ማን በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ወር፣ ከቁርስ በፊት ይሁን በኋላ እንደበደለው ሳይቀር የሚያስታውስ ሰው ነው። ታዲያ አንድ ጠዋት የባጃጅ ሹፌር ጫማ ከምሰፋበት ጥግ አቆመና "አባባ፣ ጋሽ ግን አረፉ እኮ፤ ትናንት ወናጎ ተቀበሩ" አለኝ። ወዲያው ተሳፋሪ ጠራውና ሄደ። እኔ ወስፌዬን ቆዳው ላይ እንደሰካሁ ቀረሁ።

ስለዚህ ቀኑን አትጠይቁኝ። ሌላውን እነግራችኋለሁ።

ጋሽ ግን የምንለው ይህ ሰው የታሪክ አስተማሪ ነበር። የጌዴኦ ልጅ ነው፤ አባቱ ከወናጎ ወጣ ብሎ ባለው ገጠር ቡናና እንሰት ነበራቸው። ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ "ግን…" ስለሚል ተማሪዎቹ ናቸው ይህን ስም ያወጡለት። እኔ የምሰፋው ከሐጂ ሙዘይን የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ሥር ነበር። አንድ ጠዋት ሐጂ "ዛሬስ ፀሐይ ነው" ቢሉት "ግን እስከ ስንት ሰዓት?" አላቸው።

"ይሄ ሰውዬ ጀነት ቢገባ በሩ ላይ ይከራከራል" አሉ ሐጂ።

"በሩ ላይማ አልከራከርም ሐጂ። ገብቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።"

ከእኔ ፊት ለደንበኛ የምትቀመጥ አንዲት ዱካ ነበረች። ከማስተማር ሲወጣ እሷ ላይ ይቀመጣል። ክርክሩ ሲሞቅ አንድ ጫማውን ያወልቃል፤ አንዱን ብቻ። "ሁለቱንም አውልቀህ ለምን አታርፍም?" ብለው "ከተሸነፍኩ በአንዱ እንድሄድ ነው" አለኝ። ተሸንፎ ሲሄድ አላየሁትም። እኔን ሃምሳ አለቃ ብሎ የጠራኝም እሱ ነው። በጦሩ ውስጥ አሥር አለቃ ነበርኩ፤ እሱ ሾመኝና ከተማው ሁሉ ተቀበለው።

ቂመኛ ነበር። ይህን የምለው ላማው አይደለም። አንድ ፀጉር አስተካካይ ወጣት ሳለ ጆሮውን ስለቆረጠው፣ ዲላ ያ ሁሉ ፀጉር ቤት እያለ ይርጋጨፌ ድረስ ሄዶ ይቆረጥ ነበር። "ሌላ ቤትስ ለምን አትሄድም?" ስለው "ሁሉም የእሱ ደቀ መዝሙር ነው" አለኝ። አንድ ጊዜ በጣም የሚጠላው ሰው ሞቶ ቀብር ሄደ። ገርሞኝ "ታረቃችሁ እንዴ?" አልኩት።

"አይ። በእርግጥ መሞቱን ላጣራ ነው።"

የሚወደው ወሬ የአይሁድ ታሪክ ነበር። መጽሐፎቹም ብዙዎቹ ስለነሱ ናቸው፤ ሕጋቸውን፣ በዓላቸውን፣ የተሰደዱበትን አገር ሁሉ ያውቃል። ሐጂ አንድ ቀን "አንተ የጌዴኦ ልጅ፣ ምን አገናኘህ?" ብለው ጠየቁት። ጋሽ ግን ወደ ተራራው እጁን ዘረጋ።

"እዚያ ማዶ ያ ሁሉ ድንጋይ ቆሟል፣ የጥንት መቃብር። የማን እንደሆነ የሚያውቅ አለ? ድንጋዩን አቁመን ስሙን ረሳን። እነዚያ ደግሞ የሚያቆሙት ድንጋይ አጥተው በየሰዉ አገር ሲንከራተቱ ስሙን ያዙ። ፈርዖን ባሪያ አድርጎ ቢገዛቸው እስከ ዛሬ በየዓመቱ ማዕድ ዘርግተው ያወሩበታል። እንደነሱ ያለ ቂመኛ አላየሁም። እወዳቸዋለሁ።"

"ግን እኮ ይቅር ባይነት ይሻላል" አሉ ሐጂ።

"ግን የእኔ ቃል ናት ሐጂ። መልሱልኝ።"

ባለቤቴን ሲያያት ደግሞ አበደ ማለት ይቻላል። ስንዱ የቤተ እስራኤል ልጅ ነበረች፤ ሰዉ ፈላሻ የሚላቸው። ጎንደር በጦሩ ውስጥ ሳለሁ ነው ያገባኋት። ዘመዶቿ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲሄዱ እሷ እኔን ብላ ቀረች። ሸክላ ትሠራለች፤ ድስቷም ገንቦዋም በዲላ ገበያ የታወቀ ነበር። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቷን ታጠፋለች፣ እስከ ቅዳሜ ምሽትም ከቤታችን ጭስ አይወጣም። ጋሽ ግን ይህን ሰምቶ እቤት ድረስ መጣ።

"እህቴ፣ ቅዳሜ ለምን እሳት አታነጂም?"

"ሰንበት ነዋ።"

"ግን እሳቱ ምን አጠፋ?"

"ስድስት ቀን ሲነድ አይደክመውም? ይረፍ እንጂ።"

ጫማውን አወለቀ። "ሃምሳ አለቃ፣ ሰማህ? ይህን ስንት መጽሐፍ አገላብጬ አላገኘሁትም!" ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ እየመጣ ይጠይቃታል፦ ስለ ጾሙ፣ ስለ ኃጢአት ማስተሰረያው ቀን ስለ አስተስርዮ፣ ሴት ስትወልድ የምትቆይበት ጎጆ እንዴት እንደሚሠራ። እሷ ጭቃዋን እያሸች ትመልሳለች። ሲሄድ ትስቃለች። "ይሄ ሰውዬ እናቴም ያልጠየቀችኝን ይጠይቀኛል" ትል ነበር።

ከእሑዶቹ አንዱን አልረሳውም። ወንጌላዊ ዳንኤል የሚባል፣ የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፣ ከጸሎት መልስ መጽሐፍ ቅዱሱን እንደያዘ አልፎ ሲሄድ ጋሽ ግን ጠራውና ስለ አስቴር መጽሐፍ አነሣበት። እንደ እሱ አባባል በሩቅ አገር ያሉ አይሁድ ያን መጽሐፍ በሚያነቡበት በዓል ሊያስፈጃቸው የተነሣው የሐማ ስም በተጠራ ቁጥር ይጮኻሉ፣ መሬት ይደበድባሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ስሙን በጫማቸው ሶል ላይ በጠመኔ ጽፈው እስኪጠፋ ይረግጡታል።

"መጽሐፉ ላይ እንዲህ የሚል የለም!" አለ ወንጌላዊ።

"ግን እግራቸው ላይ አለ።"

ስንዱ ከጓዳ ቀና አለች። "እኛ የአስቴርን ጾም እንጾማለን እንጂ ስም አንረግጥም። ማን አስተማራቸው?"

"ሲሰደዱ የለመዱት ነው" አለ ጋሽ ግን።

"ታዲያ ጾመው ቢረግጡ ይሻላቸው ነበር። የጠገበ ሲረግጥ ጭፈራ ይመስላል።"

ሁላችንም ሳቅን። ወንጌላዊ እንኳ ሳቀ።

ያን ሰሞን ጋሽ ግን በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ስለ ቤተ እስራኤል ንግግር አደረገ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። "ሙሴ የሚያውቀው ሰንበት እዚሁ ዲላ አለ። ቅዳሜ ጭስ የማይወጣበት ቤት አለ" ሲል እኔ ከኋላ ቆሜ ደረቴ ተነፋ። ሰዉም አጨበጨበ። ከሚያጨበጭቡት አንዱ ጎረቤታችን ነበር፤ ቡና ሰብሳቢ፣ የሰፈሩ ዕድር ዳኛ።

የዚህ ጎረቤት ልጅ በዚያው ወር ታመመ። ትኩሳት ነው። ሐኪም ቤት በመውሰድ ፈንታ ጭስ አጨሱበትና "ማን በላህ? ማን በላህ?" ይሉት ጀመር። የስድስት ዓመት ልጅ ዓይኑ ጭስ ገብቶበት፣ ራሱ በትኩሳት ዞሮ፣ ምን ይበል? "ሸክላዋ" አለ። ምናልባት ውሃ ጠምቶት ገንቦ ፈልጎ ይሆናል። አባቱ ግን ተነሣ። "ቅዳሜ ጭስ የማይወጣበት ቤት! አስተማሪው ራሱ ነግሮናል!" እያለ ሰው ሰበሰበ።

እኔ በዚያን ቀን ኢዲዶ ገበያ በርባሶ ልሸጥ ሄጄ ነበር፤ በርባሶ ከመኪና ጎማ የምሠራው ጫማ ነው። በቀትር ነው የመጡት። በፀጉሯ ጎትተው አወጧት። "እንትፍ በይበት! የበላሽውን ልቀቂው!" አሏት፤ ቡዳ የያዘችውን የምትለቀው ምራቋን ስትተፋበት ነው ይላሉና። እሷ "ይሄ ልጅ ወባ ነው፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት" አለች። አንገቷን ደፍተው አስተፏት። ሊተኮስ የደረቀውን ሸክላ ሁሉ በእግራቸው ደቆሱት።

በማግስቱ የልጁ እናት ተደብቃ ሆስፒታል ወሰደችው፤ መርፌ ተወግቶ ዳነ። ቢሞት ኖሮ ገደለችው ይሉ ነበር። ዳነ፤ እንግዲያው በልታው ነበር ማለት ነው፣ ምራቋ ነው ያዳነው። ፍርዱ በሁለቱም በኩል ተዘጋ።

ከዚያ ወዲያ ስንዱን የሚገዛት የለም። ሴቶች ስታልፍ ሕፃን በነጠላ ይሸፍናሉ። ከገበያ ቀረች፣ ቀጥሎ ከደጅ ቀረች። ጭቃውን አልነካም አለች። ሁለት ክረምት ሳይሞላ አረፈች። ሐኪሙ ሳንባ ነው አለኝ። ሐኪሙ የሚያውቀውን ነው የተናገረው፤ እኔም የማውቀውን አውቃለሁ።

ለቀብሯ ድንኳን ጠየቅሁ። የዕድሩ ዳኛ ያው እሱ ነው። "ድንኳኑ ተቀዷል፤ እስኪሰፋ ጠብቅ" ብሎ ላከብኝ። ድንኳኑን ያን ሳምንት የሰፋሁት እኔው ነኝ! ክሩን ሳይቀር አውቀዋለሁ።

ጋሽ ግን ወንድሞቹን ከወናጎ ይዞ መጣ። ተሸክመው መኪና ላይ ጫኗት፣ በአባቱ መሬት ጥግ፣ በእንሰቱ መካከል ቀበርናት። ቀኑን ሙሉ አንድም ጊዜ "ግን" አላለም። ማታ ሲለየኝ ብቻ "ጭሷን አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ያወራሁት እኔ ነኝ" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ካራዬን ሳልኩ። ለቆዳ አይደለም። ያ የዕድር ዳኛ በየትኛው ሰዓት በየት በኩል እንደሚያልፍ አውቃለሁ፤ ጫማውን ሳይቀር አውቀዋለሁ፣ ተረከዙ ወደ ግራ ያልቃል። ሰው ዝምተኛ፣ ደግ ሰው ነው ይለኛል። ዝምተኛ ነኝ። ግን በዚያ ዝምታ ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳረድኩት እኔ ነኝ የማውቅ።

ጋሽ ግን ዱካዋ ላይ ተቀምጦ ካራውን አየ።

"ትገድለዋለህ?"

"አዎ።"

"ግን ከዚያስ?"

"እታሰራለሁ።"

"ያንተን መታሰር አይደለም የምጠይቅህ። ሰዉ ምን ይላል? 'የቡዳዋ ባል ገደለው' ነው የሚለው። እሷ ቡዳ ሆና ትቀራለች፣ እሱ የተገፋ ሰው ይሆናል፣ ዕድሩም ያን ድንኳን ይተክልለታል። ይሄ በቀል ነው እንዴ ሃምሳ አለቃ? ይሄማ ለእሱ ስጦታ ነው።"

በዚህ መሐል ወንጌላዊ ዳንኤል ሊያጽናናኝ መጣና "ወንድሜ፣ ይቅር በለውና ሸክሙን ጣለው" አለኝ። ልቡ ንጹሕ ነው። ጋሽ ግን ጫማውን አወለቀ።

"ግን የማንን ይቅርታ ነው የምታድለው ወንጌላዊ? የተበደለችው እሷ ናት። እሷ ሳትሰጥ እሱ ይሰጣል? የሰው ከብት እንደ መሸጥ ነው።"

"ሞታለች እኮ መምህር።"

"ለዚያም አይሁድ ሕግ አላቸው። የሰው በደል እንደ እግዜር በደል አይደለም፤ በአስተስርዮ ቀን ቢጾም፣ ቢያለቅስ፣ ደረቱን ቢደቃ፣ ወደ ተበደለው ሰው እግሩን አንሥቶ ካልሄደ አይፋቅለትም። የተበደለው ሰው ከሞተ ደግሞ በዳዩ ዐሥር ሰው ይዞ መቃብሩ ላይ ይቆማል። በዐሥሩ ፊት ያደረገውን ይናገራል።"

"ያ ሰውዬ መቼም አይሄድ" አልኩ።

"አይሄድም" አለና ፈገግ አለ። ደግ ፈገግታ አልነበረም። "እስክናስኬደው ነው።"

ያን ሌሊት የሐማ ስም ትዝ አለኝ። ጠዋት ወፍራም የከባድ መኪና ጎማ መረጥኩና ለራሴ በርባሶ ቆረጥኩ። በሶሉ ላይ፣ በግራውም በቀኙም፣ የሰውዬውን ስም ከነአባቱ ቀረጽኩ። እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ፊደል ግን በጦሩ ውስጥ በመሠረተ ትምህርት ቆጥሬአለሁ። ሐሳቤ እስኪጠፋ ልረግጠው ነው። ጠመኔ ይጠፋል፤ ጎማ መቼ እንደሚጠፋ አላሰብኩም። ዲላም ክረምት ነበር።

ሰፈሩን ዞሬ፣ በሰውዬው በር አልፌ ስመለስ ሐጂ በረንዳው ላይ ጎንበስ ብለው ጭቃውን ይመረምራሉ።

"ሃምሳ አለቃ፣ ይሄ ከአንተ እግር የሚወርደው ምንድን ነው? ዓረብኛ ነው እንዳልል አላነበውም።"

ዞሬ አየሁ። ከሱቁ እስከ መንገዱ ማዶ በቀዩ ጭቃ ላይ በእያንዳንዱ እርምጃ የሰውዬው ስም ቆሟል፣ ተገልብጦ። ጋሽ ግን መጣ፣ አየ፣ ሳቅ ዱካዋ ላይ አጠፈው። እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

"ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው! ሃምሳ አለቃ፣ አማርኛውን በዕብራይስጥ አካሄድ ጻፍከው!"

"እኔ ላጠፋው ነበር" አልኩ አፍሬ።

"ልታጠፋው ነበር፣ ጋዜጣ አወጣህለት!" ዓይኑን ጠረገ። "ግን…" አለ። "ግን ገልብጠህ ብትቀርጸው ጭቃው ላይ ቀጥ ይላል።"

ገልብጬ ቀረጽኩት።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ክረምት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? መጀመሪያ ያነበቡት ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ናቸው፤ ጮክ ብለው እያነበቡ ይከተሉኛል። ቀጥሎ እትዬ ጫልቱ መጣች፣ በገበያ ከስንዱ ጎን ቅቤ የምትሸጠው። "ለእኔም በልኬ ሥራልኝ" አለች። አጥልቃ ሐጂ በር ላይ ሦስት ጊዜ ረገጠች። "ደህና ይይዛል!" አለች። ከወናጎ ቡና ይዘው የሚመጡ፣ በዚያ ሰውዬ ሚዛን የቆሰሉ ገበሬዎች ሰምተው መጡ። ሠራሁላቸው። በከተማው ጭቃ፣ በገበያው፣ በመናኸሪያው፣ በራሱ ደጃፍ፣ ስሙ በየቀኑ ይታተማል፣ በየቀኑም ሌላ እግር ይረግጠዋል። በስሙ ላይ ውሻ ሲሸናበት አይቻለሁ። ደስ አለኝ። ደስ አላለኝም ብዬ በዚህ ዕድሜዬ አልዋሽም።

ልጁ ትምህርት ቤት አልሄድም እንዳለ ስሰማ ለልጁ አዘንኩ። ለአባቱ ግን ቅንጣት አላዘንኩም።

አንድ ቀን በቀትር ራሱ መጣ። ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል።

"ስሜን አንሣ!"

እኔ ቆዳ መቁረጤን ቀጠልኩ። ጋሽ ግን ነው የመለሰለት። "ጤና ይስጥልኝ። የትኛውን ስም?"

"ፖሊስ እጠራለሁ!"

"ጥራ። ግን ፖሊሱም ጫማውን እዚሁ ነው የሚያሰፋው።"

"ስም እኮ ነው! የሰው ስም ነው የምትረግጡት! አባቴ ያወጣልኝን ስም!"

"አወቅከው አይደል?" አለ ጋሽ ግን ዝግ ብሎ። "ስም መሆኑን አወቅክ። እንግዲያው ዐሥር ሰው ይዘህ ወናጎ ና። መቃብሯ ላይ ያደረግከውን ተናገር። በዚያው ቀን ሶሉ ሁሉ ይነቀላል።"

ተፍቶ ሄደ። ክረምቱ ግን አገዘን፤ በጋ ቢሆን ኖሮ አሸንፎን ነበር። ዝናቡ ሳያባራ ሚስቱ፣ ያቺ ልጁን ተደብቃ ያሳከመችው፣ "ወይ ትሄዳለህ ወይ እኔ ሄጄ እናገራለሁ" አለችው አሉ። ለወናጎ ገበያ ቀን ቀጠሩን።

ከአውራ ጎዳናው እስከ መቃብሩ ያለው ዳገት ያዳልጣል። ከላይ ቆመን ስናያቸው ዐሥሩን ይዞ ይወጣል፣ የዕድሩን ጸሐፊ፣ ዘመዶቹን፣ ያን ቀን በፀጉሯ ከጎተቷት ሁለቱን። ሰውዬው ሁለት ጊዜ ወደቀ። ጋሽ ግን አንድ ጫማውን አውልቆ ጭቃው ውስጥ ቆሟል። ወንጌላዊ ዳንኤልም መጥቶ ነበር፤ ሐጂ ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው ቀሩ።

ደረሱ። ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ። "ሴትዮዋን…"

"ሴትዮዋ ማን ናት?" አለ ጋሽ ግን።

"የሃምሳ አለቃ ባለቤት።"

"ግን ስሟ?"

ሰውዬው ወደ ጸሐፊው ዞረ፣ ጸሐፊው ወደ ሌላው ዞረ። ዐሥር ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከጎተቷት አንዱ "እኛ ሸክላ ሠሪዋ ነበር የምንላት" አለ። በአንድ ሰፈር ስድስት ዓመት ኖራለች፤ ከድስቷ ያልበላ ከመካከላቸው የለም። በመጨረሻ ሁሉም ወደ እኔ አዩ። እኔ አፌን ዘጋሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ጣፍጦኝ ዝም ያልኩበት ጊዜ የለም።

"ሳታውቋት ነው የገደላችኋት" አለ ጋሽ ግን። ድምፁ ከፍ አላለም። "ስሟን ጠይቃችሁ ኑ።"

"መምህር፣ ዝናቡ እኮ ሊመጣ ነው" አለ ጸሐፊው።

"ይምጣ። ስሟን ጠይቃችሁ ኑ።"

ዝናቡ መጣ። ዳገቱን እየተንሸራተቱ ወረዱ። እኛ የጋሽ ግን ወንድም ጎጆ ጥላ ሥር ተቀመጥን፤ ሚስትየዋ ቆጮ አመጣችልን። መብላት አቃተኝ።

"ይመለሳል?" አልኩት።

"ይመለስ ይሆናል። ላይመለስም ይችላል። ግን አሁን በዚያ ገበያ ዐሥራ አንድ ሰው እየዞረ 'ያቺ ሸክላ ሠሪ ስሟ ማን ነበር?' እያለ ነው። የሚጠየቀውም ሰው ሌላውን ይጠይቃል።" ቆጮውን ቆረሰ። "ብላ ሃምሳ አለቃ። እሱ እየደከመልህ ነው።"

በላሁ።

ሲመለሱ ልብሳቸው በስብሷል፤ ዐሥሩም አሉ። የነገረቻቸው እትዬ ጫልቱ ነች፤ ያን ቀን ቅቤዋን ወናጎ ገበያ አውርዳ ነበር። በኋላ እንደነገረችኝ ዝም ብላ አልነገረችም፣ ሰውዬውን ቅቤዋ ፊት ሦስት ጊዜ አስለምናዋለች። እሷም ቂመኛ ናት፣ እግዜር ይስጣት።

ሰውዬው መቃብሩ ፊት ቆመ።

"ስንዱ ፈንቴ። በሐሰት ስምሽን አጥፍቻለሁ። ልጄን የያዘው ወባ ነበር። አስጎትቼሻለሁ፣ ሸክላሽን አስሰብሬአለሁ…"

"ድንኳኑስ?" አለ ጋሽ ግን።

"ድንኳኑም አልተቀደደም ነበር።"

"ከኋላ ያሉት አልሰሙም።"

እንደገና አለው። ሦስተኛም አስባለው። ወንጌላዊ አቀርቅሮ ያለቅስ ነበር። ሲጨርስ ሰውዬው ወደ እኔ ዞረና እጁን ዘረጋ። "እንግዲህ አንተም ይቅር በለኝ።"

አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ልሰድበው ይሁን፣ ልምረው ይሁን፣ ካራውም ወገቤ ላይ ነበር። ጋሽ ግን ክንዴን ያዘ፣ አጥብቆ።

"እሱን አትጠይቀው። የጠየቅከው እሷን ነው፤ መልሱም የእሷ ነው። ቆመህ ጠብቅ።"

ሰውዬው ቆመ። እንሰቱ ላይ ዝናቡ ይንጠባጠባል። ዐሥሩ አንድ በአንድ ወረዱ፣ እሱ እንደቆመ ቀረ። ልንሄድ ስንነሣ እንኳ መቃብሩን ያይ ነበር። መልስ አላገኘም። እስኪሞትም አላገኘም፤ እንዳያገኝም እወዳለሁ።

ቃል ቃል ነውና በማግስቱ ሶሉን ሁሉ ነቅዬ ሌላ መታሁላቸው። ስሙን እዚህም አልጻፍኩትም። ረስቼው እንዳይመስላችሁ፤ ሌሊት ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ ከነአያቱ እነግራችኋለሁ። ከጭቃ ያነሣሁትን ወረቀት ላይ አላሳርፍለትም ብዬ ነው።

ካራው አሁንም አለ፣ ቆዳ እቆርጥበታለሁ። እጄ ላይ ደም የለም። ልጅ ባይኖረኝም የሰፈሩ ልጆች አባባ ይሉኛል፤ ዕድሩም ድንኳኑን የሚያሰፋው በእኔ ነው። ለዚህ ያበቃኝ ስብከት አይደለም፣ ደግነቴም አይደለም። ከእኔ የበለጠ የተቆጣ ሰው ከጎኔ ተቀምጦ፣ ቁጣዬን ሳይነጥቀኝ፣ እጄን ስለያዘ ነው።

የባጃጁ ሹፌር በነገረኝ ማግስት ወናጎ ሄድኩ። አዲሱ አፈር ከስንዱ መቃብር ትንሽ ራቅ ብሎ ነው። ጥቂት ወጣቶች፣ የቀድሞ ተማሪዎቹ መሰሉኝ፣ ቆመው በቅጽል ስሙ ያወሩ ነበር። አንዱን ትክክለኛ ስሙን ጠየቅሁት፤ ጭንቅላቱን አከከ። እኔ ነገርኩት፣ ለእናንተም እነግራችኋለሁ፦ መምህር ጥላሁን በራሶ።